ልጃችን ሌሊት መኝታው ላይ ሲሸና ምን እናድርግ?

ጠዋት ነው። ከብቶቹ ወጥተዋል። አንዲት እናት ከቤት ወጥታ እርጥብ አጎዛ አጥር ላይ ታሰጣለች። ትናንትም አስጥታ ነበር። ከትናንት በስቲያም እንዲሁ። ውሃ ለመቅዳት የሚያልፉ ጎረቤቶች አጎዛውን ያያሉ። ማንም ምንም አይልም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቃል። የጎረቤት ልጆች ግን ዝም አይሉም። ልጁን ሲያዩ «ሽንታሙ መጣ!» እያሉ ይስቁበታል።

ልጁ 6 ዓመቱ ነው። ቀን ቀን ጥጃ ይጠብቃል። ታዛዥ ነው፤ ሲላክ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ይመለሳል። ሌሊት ግን መኝታውን ያረጥባል። አባትየው መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ አለንጋ አነሣ። እናትየው ውሃ ትከለክለው ጀመር። አያትየው ደግሞ፣ «እሳት ስለሚጫወት ነው፤ እሳት የሚነካ ልጅ ሌሊት ይሸናል» አሉ። ሁሉም ተሞከረ። አጎዛው ግን ደርቆ አላደረም።

እንዲህ ያለ ቤት በየቀበሌው አለ። ምናልባት የእናንተም ቤት ይሆናል። ነገሩ ነውር ስለሚመስል ጎረቤት ለጎረቤት አያወራውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ችግሩ የእሱ ብቻ ይመስለዋል። እስቲ ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበት።

ሽንት ከየት ይመጣል?

በግ ወይም በሬ ሲታረድ ልጆች ከአራጁ አጠገብ ቆመው የሚጠብቁት አንድ ነገር አለ። እሱም ፊኛው ነው። አጥበው፣ ነፍተው፣ አፉን በክር አስረው እንደ ኳስ ይጫወቱበታል። ባዶ ሲሆን ትንሽ ነው። ሲነፋ ይለጠጣል። የሰውም ፊኛ እንደዚሁ ነው። የሚገኘው ከእምብርታችን በታች ነው። ሥራውም ሽንት ማጠራቀም ነው።

ሽንቱን የሚሠሩት ኩላሊቶቻችን ናቸው። ኩላሊቶቻችን ሁለት ናቸው። ከወገባችን ከፍ ብለው በጀርባ በኩል፣ በግራና በቀኝ ይገኛሉ። ጠላ ሲጠለል አተላው እንደሚለይ ሁሉ ኩላሊትም ከደማችን ውስጥ የማይፈለገውን ነገር ይለያል። ያ የማይፈለገው ነገር ከትርፉ ውሃ ጋር ሆኖ ሽንት ይሆናል። ሽንቱ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ፊኛው እየሞላ ሲሄድ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። «ሞልቻለሁ» ይላል። እኛም ተነሥተን እንሸናለን። ቀን ቀን ይህ ቀላል ነው። ሌሊት ግን መልእክቱ የሚመጣው ለተኛ ሰው ነው።

ሕፃን ሲወለድ ይህን መልእክት አያውቅም። ፊኛው ሲሞላ ዝም ብሎ ይለቃል። በታዘለበት ጀርባ ላይ ይሸናል። እናቱም «ለምን ሸናህ?» ብላ አትመታውም። 2 ወይም 3 ዓመት ሲሆነው ቀን ቀን ሽንቱን መቆጣጠር ይጀምራል። የሌሊቱ ግን ቆይቶ ይመጣል። ለአንዱ ልጅ በ3 ዓመቱ፣ ለአንዱ በ5፣ ለሌላው ደግሞ በ8 ወይም በ10 ዓመቱ ይመጣል።

ለምን ይዘገያል? አንደኛ፣ ሰው ሲተኛ አንጎሉ አንድ ቅመም ወደ ደሙ ይለቃል። ይህ ቅመም ኩላሊትን «ሌሊት ነው፣ ቀስ በል» እንደ ማለት ነው። ኩላሊቱም ሌሊት ጥቂት ሽንት ብቻ ይሠራል። በአንዳንድ ልጆች ይህ ነገር ገና አልጠናም። ስለዚህ ኩላሊታቸው ሌሊትም እንደ ቀን ብዙ ሽንት ይሠራል። ሁለተኛ፣ የአንዳንዱ ልጅ ፊኛ ሌሊት ብዙ መያዝ አይችልም። ሳይሞላ ይጨመቅና ይለቃል። ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። ጥጃ ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ማታ ሲተኛ ቢጎትቱት እንኳ እንደማይነቃ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ፊኛው «ሞልቻለሁ» ቢል የሚሰማው የለም።

ልጁ የሚሸናው ተኝቶ ነው። ሰንፎ አይደለም። እናት አባቱን ንቆም አይደለም። ጠዋት እርጥቡን ሲነካ ነው እሱም የሚያውቀው፤ ከእናንተ በፊትም የሚደነግጠው እሱ ነው።

አንድ ገበሬ በአንድ ቀን የዘራው ገብስ ሁሉ በአንድ ቀን አይደርስም። የጓሮው ይቀድማል። የዳገቱ ይዘገያል። ገበሬው ግን የዘገየውን ገብስ በአለንጋ አይመታውም።

እስቲ ቁጥሩንም እንመልከት። በብዙ አገሮች ከተቆጠረው እንደታየው 5 ዓመት ከሞላቸው 100 ልጆች መካከል 15 ያህሉ ገና ሌሊት ይሸናሉ። 10 ዓመት ሲሞላቸው የሚቀሩት 5 ያህል ናቸው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበዛሉ። ሌሊት ከሚሸኑ 100 ልጆች ውስጥ በየዓመቱ 15 ያህሉ ያለ ምንም መድኃኒት በራሳቸው ጊዜ ይተዋሉ። እንግዲህ በአንደኛ ክፍል 60 ልጆች ቢቀመጡ ጥቂቶቹ ዛሬ ጠዋት የተነሡት ከእርጥብ መኝታ ነው። «ሽንታም» እያለ ከሚስቀው መካከልም ራሱ አርጥቦ ያደረ አይጠፋም።

አያትየው የተናገሩት

አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። አንድ ቀን ጠዋት አባትየው እንደ ልማዱ አለንጋውን ሲያነሣ አያትየው ከምድጃው አጠገብ ሆነው፣

«ተው ልጄ፣ ተው» አሉ። «አንተን እኮ አባትህ እስከ 9 ዓመትህ ድረስ ገርፎሃል። በግርፋቱ ተውክ እንዴ? ጊዜው ሲደርስ ነው የተውከው። የአጎትህ ሠርግ ጊዜ እንኳ፣ እዚያ አድሬ ቢያመልጠኝስ ብለህ ፈርተህ በጨለማ ብቻህን ወደ ቤት መጥተሃል። ጅብ ሳይበላህ የቀረኸው በእግዜር ቸርነት ነው።»

አባትየው ዝም አለ። አለንጋውን ምሰሶው ላይ መልሶ ሰቀለው። ነገሩን ረስቶት አልነበረም። ማንም እንዳያነሣበት ብቻ ነበር የሚፈልገው። (አያትየውም ከዚያ ቀን ወዲህ የእሳቱን ነገር አላነሡትም።)

ሌሊት መሽናት በዘር ይወርዳል። እናትም አባትም በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ፣ ከእንዲህ ያሉ ወላጆች ከሚወለዱ 100 ልጆች 75 ያህሉ ይሸናሉ። ከሁለቱ አንዳቸው ብቻ ከነበሩ 40 ያህሉ ይሸናሉ። ሁለቱም ካልነበሩ ግን 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። የላሟ መልክ ወደ ጥጃዋ እንደሚያልፍ ሁሉ ይህም ያልፋል።

ታዲያ አባት ወይም እናት በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ ለልጁ ይንገሩት። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። አደግኩና ተውኩ። አንተም ትተዋለህ» ይበሉት። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ልጁ ግን «እኔ ብቻ ነኝ» ከሚለው ጭንቀት ይወጣል። ያ አባት ይህን ለልጁ ለመናገር 4 ቀን ፈጅቶበታል። በመጨረሻ የተናገረው ጥጆቹን አብረው ሲያስገቡ፣ ፊቱን ወደ በረቱ አዙሮ ነው። ልጁም፣ «አባዬ፣ አንተም? ሙት በለኝ!» አለ።

ዱላና ጥማት

ሰውን ተኝቶ ስላደረገው ነገር መምታት ጥቅም የለውም። የተመታ ልጅ ሽንቱን አይተውም፤ መደበቅን ግን ይማራል። እርጥቡን ልብስ ጥግ ውስጥ ይወትፋል። በእርጥብ ላይ ዝም ብሎ ያድራል። ሰውነቱ ይቆስላል፤ ብርድም ይመታዋል። ማታ መተኛትን ይፈራል። በበርበሬ ማጠን፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እርጥቡን ቁርበት አሸክሞ በሰፈር ማዞር ጭካኔ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ልጁ ሲያድግ ሽንቱን ይተዋል። ጠባሳውና ውርደቱ ግን አይተዉትም።

እሳትስ? ልጅ በእሳት እንዳይጫወት መከልከል ተገቢ ነው። ምክንያቱም ራሱንም ሣር ቤቱንም ያቃጥላል። ሽንት ግን አያመጣም።

ውሃ መከልከልም ስሕተት ነው። ብዙ እናቶች «ካልጠጣ አይሸናም» ይላሉ። ይሁን እንጂ ልጁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከብት ሲከተል ይውላል። ውሃ ያስፈልገዋል። ቀን ያልጠጣ ልጅ ማታ ቤት ሲገባ በጣም ይጠማውና ተደብቆ ከእንስራው ይጠጣል። ከዚያም ይተኛል። ነገሩ የባሰ ይሆናል ማለት ነው። ይልቅስ ጠዋትና ቀን በደንብ ይጠጣ። ወደ ጥበቃ ሲሄድ ውሃ በኮዳ ይያዝ። ከመተኛቱ በፊት ባለው 1 ወይም 2 ሰዓት ውስጥ ግን ጥቂት ብቻ፣ ጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል ይጠጣ።

እዚህ ላይ ስለ እራት አንድ ነገር እናንሣ። በብዙ ቤት እራት የሚቀርበው አባት ከገባ፣ ከብት ከታሰረ በኋላ ነው። ልጁ እያንቀላፋ ይበላል። ሽሮው ጨውና በርበሬ አለው፤ ስለዚህ ውሃ ይጠጣበታል። ከዚያ እዚያው ይተኛል። ቢቻል የልጁ እራት ይቅደም። 1 ሰዓት ላይ ቢበላ 3 ሰዓት እስኪተኛ ድረስ የጠጣው ውሃ ይወርድለታል፤ ሸንቶ ይተኛል። ማታ ቡና ሲፈላ «በረካውን ለልጁ» ማለትም ይቅር። ቡናና ሻይ ሽንት ያበዛሉ። ጠላ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ለልጅ አይገባም።

ሆዱስ እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጅ አይጠይቅም። ፊኛና የዓይነ ምድር መውጫው አንጀት ጎረቤታሞች ናቸው። አንጀቱ በደረቀ ዓይነ ምድር ከሞላ ፊኛውን ይጫነዋል። ፊኛውም ቦታ ስለሚጠበው ጥቂት ይዞ ይለቃል። ስለዚህ ሆዱ የደረቀ ልጅ ሌሊት ይሸናል። ልጁ በ3 ቀን አንድ ጊዜ የሚወጣ ከሆነ፣ ሲወጣም የሚያምጥና እንደ ፍየል በጠጥ የሚጥል ከሆነ በቅድሚያ ድርቀቱ ይታከም። ጎመን፣ ባቄላ፣ አተር፣ ፍራፍሬ ከተገኘም ፍራፍሬ ይብላ። ቀን ቀን የተልባ ውሃ ይጠጣ። ጠዋት ቁርስ በልቶ ሳይጣደፍ ሽንት ቤት ይቀመጥ። በዚህ ካልተስተካከለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይታይ። ድርቀቱ ሲለቅ ሽንቱም አብሮ የሚተው ልጅ ብዙ ነው።

ጨለማው

አንዳንዴ ችግሩ ልጁ ውስጥ አይደለም፤ ከበሩ ውጭ ነው። ደጋ አገር ነው እንበል፤ መንዝ ወይም ጋይንት። ውጭው ውርጭ ነው። ጅቡ ከአጥሩ ማዶ ይጮኻል። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ጀርባ ነው። አዋቂው እንኳ ሌሊት ለመውጣት ዱላ ይፈልጋል። ልጁ ነቅቷል። ሽንቱም መጥቷል። ነገር ግን ጋቢው ውስጥ ተጠቅልሎ «አሁን ይነጋል» እያለ ይይዘዋል። መልሶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚያ ያመልጠዋል።

ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ጣሳ ነው። ጣሳ ከሌለ የተሰበረ እንስራ ታች፣ ወይም አፉ የተሰበረ ገንቦ ይሆናል። ከሥሩ ጥቂት አመድ ይደረግበት፤ ሽታውን ይቀንሳል። ከልጁ እግርጌ፣ በማይደፋበት ቦታ ይቀመጥ። ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ይደፋና ይታጠብ። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ለዚህም ሆነ ለሌላ ለምንም የቤት ሥራ አይሁን። መርዙ በእጥበት አይለቅም።

ልጁ ዕቃው የት እንዳለ በቀን ይለማመድ። ዓይኑን ጨፍኖ ከመኝታው ተነሥቶ እየዳሰሰ ይድረስበት። ለልጆች ይህ ጨዋታ ነው፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። ማታ በጨለማ ሲነሣ እጁ መንገዱን ያውቀዋል። በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ መብራት ወይም ባትሪ ያለው ቤት አጠገቡ ያስቀምጥለት። ኩራዝ ግን ልጅ አጠገብ አይቀመጥም፤ ሲወድቅ ቤት ያነዳል።

የሚተኛበትንም ቦታ ተመልከቱ። በብዙ ቤት የሚሸናው ልጅ ከግድግዳው ጥግ፣ ከታላላቆቹ ኋላ ይተኛል። ለመነሣት 3 ሰው መርገጥ አለበት። ዳር ላይ ይተኛ።

ሊተኛ ሲልም ይሽና። እራት እንደበላ አንድ ጊዜ፣ ጋቢ ከመልበሱ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ። ሁለተኛው ላይ «የለኝም» ይላል። ቆሞ ይሞክር፤ ጥቂት አይጠፋም።

ሌሊት መቀስቀስስ? ወላጅ ሊተኛ ሲል ልጁን ቀስቅሶ ቢያሸናው የዚያን ሌሊት መኝታው ሊደርቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ልጁ ቶሎ እንዲተው አያደርገውም። የምትቀሰቅሱ ከሆነም በደንብ ይንቃ። ስሙን ጠይቁት። የጥጃውን ስም ጠይቁት። ሳይነቃ ተሸክሞ ማሸናት ተኝቶ መሽናትን ማስተማር ነው። መቀስቀሱ ንዴትና ለቅሶ የሚያመጣ ከሆነ ግን ይቅር።

አጎዛውና ልብሱ

አጎዛ ሽንት ይመጣል፤ ለማጠብም ለማድረቅም ያስቸግራል። ሽታውም አይለቅም። ስለዚህ ከላዩ ላስቲክ ይነጠፍበት። በላስቲኩ ላይ በቀላሉ የሚታጠብ አሮጌ ነጠላ ወይም ጨርቅ ይደረግ። ጠዋት የሚታጠበው ጨርቁ ብቻ ይሆናል። ይህ የእናትን ድካም በግማሽ ይቀንሳል። ያልተናደደች እናት ደግሞ ልጇን አትቆጣም።

ልጁም ጠዋት ሰውነቱን በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ይህ ለገላው ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲገባ ሽታ ካለው ጓደኞቹ አጠገቡ አይቀመጡም፤ በዚህ ምክንያት ከትምህርት የሚቀር ልጅ አለ። ጨርቁን ወደ ማጠቢያው ራሱ ይውሰደው፤ ውሃ ያቀብል። ይህ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደማንኛውም የቤት ሥራ ይታይ። ጨርቁም ከመንገድ ዳር አጥር ላይ ሳይሆን ከቤቱ ኋላ፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ይሰጣ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሊያየው አይገባም። በቤት ውስጥ የሚያሾፍ ወንድም ወይም እህት ካለም አባት ይከልክለው።

ያቺ እናት ፊደል ከቆጠረች ገና ዓመቷ ነበር። ከልጇ ደብተር የመጨረሻው ገጽ ላይ በየቀኑ አንድ ፊደል ትጽፍ ጀመር። ደርቆ ላደረበት ቀን «ደ»፣ እርጥብ ለሆነበት ቀን «እ»። ልጁም ፊደል ይማር ስለነበር «ደ»ን ራሱ ይጽፋታል። በጥቅምት ወር 26 «እ» እና 4 «ደ» ነበር። እናትየው ተስፋ ቆረጠች። በኅዳር «ደ» 7 ሆነ። 3 ብቻ ጨመረ ትሉ ይሆናል። ሳይጽፉት ቢሆን ግን የጨመረውን 3 ማንም አያየውም ነበር። «ዛሬም ሸናህ» ብቻ ይባል ነበር።

ልጁን ስታመሰግኑ ስላደረገው ነገር አመስግኑት። ሳይነገረው ሽንቶ ከተኛ፣ ሌሊት ተነሥቶ ጣሳውን ከፈለገ፣ መርጠቡን ሳይደብቅ ከተናገረ «ጎበዝ» ይባላል። ደርቆ ማደሩ በእጁ አይደለም፤ እነዚህ ግን በእጁ ናቸው። ለደረቀ ሌሊት ሽልማት እየሰጡ ለእርጥቡ መከልከል ያው ሌላ ዱላ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እስካሁን የተናገርነው ጤነኛ ሆኖ ሌሊት ብቻ ስለሚሸና ልጅ ነው። ከ5 ዓመት በታች ከሆነ መጠበቅ ብቻ ይበቃል። አሁን የምንናገረው ግን ሌላ ነው፤ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ልጁ በጣም ውሃ የሚጠማው፣ ቀንም ሌሊትም ብዙ የሚሸና፣ እየበላ የሚከሳና የሚደክም ከሆነ ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ስኳር በሽታ የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ሕፃናትንም ይይዛል። በልጆች ላይ ቶሎ ይበረታል። ማስታወክና ቁና ቁና መተንፈስ ከጀመረው ለሕይወቱ ያሠጋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ደርቆ ያድር የነበረ ልጅ እንደገና መሽናት መጀመሩ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ውሃ ከልክሎ ቤት ማስቀመጥ መግደል ነው። የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በደም ምርመራ ወዲያው ይታወቃል፤ ሕክምናም አለው።

ሲሸና የሚያቃጥለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣበት፣ ትኩሳት ያለው ልጅ የሽንት ቧንቧ ቁስለት ይኖረው ይሆናል። ይህ በሽንት ምርመራ ይታወቃል፤ በመድኃኒትም ይድናል። ሽንቱ ደም ከቀላቀለም ይታይ። በአዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ ሽንትን ደም የሚያደርግ የቢልሃርዚያ ዓይነት አለ። የሚይዘውም ረግረግና የቆመ ውሃ ውስጥ በመዋኘትና በመንቦራጨቅ ነው። ቀንም ልብሱን የሚያረጥብ፣ ሽንቱ ያለማቋረጥ ጠብ ጠብ የሚል፣ ወይም እግሩ የደከመ ልጅም በባለሙያ መታየት አለበት።

6 ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ ሲያድር ቆይቶ እንደገና የጀመረ ልጅ ምን አገኘው ብላችሁ አስቡ። አዲስ ሕፃን ተወልዶ ይሆናል። የሚወደው ሰው ሞቶበት ይሆናል። አባቱ ለቀን ሥራ ሩቅ አገር ሄዶ ይሆናል። ወይም የሚደበድበው፣ የሚያስፈራራው፣ ገላውን በመጥፎ የሚነካው ሰው ይኖር ይሆናል። ልጁ ይህን በአፉ አይናገርም። ሳትቆጡ፣ ብቻውን ሲሆን ጠይቁት። የሚነግራችሁንም እመኑት።

በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። ሌሊት ሽንት እንዳይበዛ የሚያደርግ ነው። ከሱቅ በግምት ገዝቶ መስጠት ግን አደገኛ ነው። በሌላ አገር ደግሞ እርጥበት ሲነካው የሚጮኽ ደወል አለ። አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሆኑ ባልና ሚስት በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ደወል በልጆች ላይ ሞክረው ጽፈዋል። ልጁ በደወሉ ይነቃል፤ በሳምንታት ውስጥም ብዙዎቹ ይለምዱታል። ዛሬም ይሠራበታል። በገጠር ቤት ግን አይገኝም፤ እኛ የያዝነው ጣሳውንና ደብተሩን ነው።

በጥር ወር የዚያ ልጅ አክስት ለጥምቀት ልጁን ላኩልኝ ብላ ላከች። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «ሆዴን አሞኛል፣ አልሄድም» አለ። እናትየው ምክንያቱ ገባት። ቀድማ ብቻዋን ወደ አክስትየው ቤት ሄዳ ነገሩን በጆሮዋ ነገረቻት።

«እትዬ፣ እንዳያፍርብኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለቻት።

አክስትየውም፣ «ውይ እህቴ፣ ለዚህ ነው እንዴ የቀረው? የኔው ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፤ እስካሁን አልተወም። ለማን ብዬ ልንገር ብዬ ተቀምጬ ነው» አለች።

ልጁ 3 ሌሊት እዚያ አደረ። ላስቲኩን እናቱ ከልብሱ ጋር አስራ ሰጥታው ነበር። ሲመለስ በሩ ላይ ሆኖ ደብተሩን ጠየቀ። ሁለት «ደ» ጻፈ። አንድ «እ» ራሱ ጨመረ፤ ከዚያ ወደ ጥጆቹ ሄደ።